የተቆጠበው ኪሎ ወዴት ሄደ? ጥምር ቁሶችና ተጨማሪ መሣሪያዎች በተዋጊ አውሮፕላን ክብደት ላይ ያላቸው ውጤት



በአውሮፕላን ምሕንድስና ውስጥ ሁለት የተረጋገጡ ነገሮች ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። አንደኛው፣ ከካርቦን ክርና ከኤፖክሲ ሙጫ የተሠራ ሰሌዳ፣ በስፋትና በውፍረት ከሚተካከለው የአሉሚኒየም ሰሌዳ ጋር ሲመዘን ክብደቱ ከግማሽ ጥቂት ብቻ የሚበልጥ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ይህ ቁስ በተዋጊ አውሮፕላኖች አካል ውስጥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እየበዛ በመጣበት ዘመን፣ ተዋጊ አውሮፕላኖች በአብዛኛው እየቀለሉ ሳይሆን እየከበዱ መምጣታቸው ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ እነዚህን ሁለት እውነቶች ማስታረቅ ነው። ጥያቄው በቀላሉ ሲቀርብ፣ በአዲሱ ቁስ የተቆጠበው ኪሎ ወዴት ሄደ? ማንስ ወሰደው? የሚል ይሆናል። ጥያቄው የጦር አውሮፕላን ሠሪዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ድልድይ የሚሠራ፣ የጭነት መኪና አካል የሚገጥም፣ ባለቀ ሕንፃ ላይ ሌላ ፎቅ እንዲጨምር የሚጠየቅ መሐንዲስ ሁሉ በየሙያው ያውቀዋል። በአንድ በኩል በድካም የተገኘ ትርፍ፣ በሌላ በኩል ማንም ሳያውቀው ያልቃል። ይሁንና ተዋጊ አውሮፕላን ሒሳቡ እጅግ የጠበበ፣ የስሕተቱም ዋጋ ሕይወት በመሆኑ ጉዳዩን ከሌሎች ሁሉ አጉልቶ ያሳያል። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክብደት በተዋጊ አውሮፕላን ላይ ያለው ትርጉም

የተዋጊ አውሮፕላን ክብደት በሦስት ተከፍሎ ይታያል። የመጀመሪያው ባዶ ክብደት የሚባለው ሲሆን አካሉን፣ ሞተሩን፣ የማረፊያ ጎማውንና በቋሚነት የተገጠሙትን መሣሪያዎች ይጨምራል። ሁለተኛው ነዳጅ ነው። ሦስተኛው ለግዳጁ የሚሰቀለው ጭነት፣ ማለትም ሚሳይል፣ ቦምብና የመሳሰለው ነው። ነዳጅ ይቃጠላል፤ ሚሳይልም ይተኮሳል። ባዶው ክብደት ግን አውሮፕላኑ ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን አንሥቶ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ አብሮት ይበራል። ስለዚህ ዲዛይን ሠሪዎች ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት በባዶው ክብደት ላይ የሚጨመረውን ነው።

አንድ መሣሪያ 100 ኪሎ ይመዝናል ሲባል፣ ይህ መሬት ላይ ያለው ሚዛን ነው። ተዋጊ አውሮፕላን በኃይለኛ ዙር ላይ ሳለ የመሬትን ስበት 9 እጥፍ የሚያህል ጫና ሊሸከም ይችላል። በዚያች ቅጽበት 100 ኪሎው ሣጥን የተገጠመበትን ወለል እንደ 900 ኪሎ ይጫነዋል። መሐንዲሱ ደግሞ ለጥንቃቄ በ1.5 ያባዛዋልና መደገፊያው 1,350 ኪሎ እንዲችል ሆኖ ይሠራል። ሣጥኑ ሽቦ፣ የኤሌክትሪክ ኃይልና ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ የሚወስደው ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ያን ሙቀት የሚያወጣ ሌላ መሣሪያም ይከተለዋል። አውሮፕላኑ እንደ ቀድሞው ሩቅ እንዲሄድ ከተፈለገ ነዳጅ ይጨመራል፤ ለነዳጁ ታንክ፣ ለታንኩ ቦታ፣ ለሁሉም የበለጠ ክንፍና የበለጠ የሞተር ግፊት ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት በንድፍ ደረጃ የተጨመረ አንድ ኪሎ፣ አውሮፕላኑ አልቆ ሲወጣ ከአንድ ኪሎ በላይ ሆኖ ይገኛል።

ንድፉ ከጸደቀና ክንፉ ከተሠራ በኋላ የሚመጣ ጭማሪ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጉዳት አለው። በዚያን ጊዜ ክንፉ አያድግም፤ የሚያድገው በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ክንፍ ላይ የሚያርፈው ሸክም ነው። ይህ ሸክም ሲበዛ አውሮፕላኑ ለመነሣትና ለማረፍ የሚያስፈልገው ፍጥነት ይጨምራል፤ በጠባብ ዙር መዞርም ያቅተዋል።

ይህ ነገር በደጋ አገር ይበልጥ ይሰማል። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ዋና መደብ የሚገኝባት ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው በ17 በመቶ ገደማ ያንሳል። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሣት በአየር ውስጥ 10 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሄድ ይኖርበታል፤ ሞተሩ በበኩሉ የሚስበው አየር የሳሳ በመሆኑ ግፊቱ ይቀንሳል። ፍጥነት ሲጨምርና ግፊት ሲቀንስ የመንደርደሪያው ርቀት በእጅጉ ይረዝማል። በባሕር ጠረፍ ተመዝኖ ትንሽ የመሰለ ጭማሪ፣ በደጋ ማኮብኮቢያ ላይ ትንሽ ሆኖ አይቀርም።

ጥምር ቁስ የሚሰጠውና የሚነፍገው

ኮምፖዚት የሚባለው ጥምር ቁስ በመሠረቱ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ጭቃና ጭድ ተቦክተው ግድግዳ ሲመረግ፣ ጭዱ ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል፤ ጭቃው ደግሞ ጭዱን በቦታው ያጸናዋል። በአውሮፕላን ላይ የጭዱን ሥራ የሚሠራው እንደ ጠጉር የቀጠነ የካርቦን ክር ሲሆን፣ የጭቃውን ሥራ የሚሠራው ኤፖክሲ የተባለው ሙጫ ነው።

የቁሶቹ ሚዛን የታወቀ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አሉሚኒየም 2.8 ግራም፣ ቲታኒየም 4.4 ግራም ያህል ሲመዝን፣ የካርቦንና የኤፖክሲ ጥምር 1.6 ግራም ያህል ይመዝናል። በክሩ አቅጣጫ ሲለካ የጥምሩ ግትርነት ከአሉሚኒየም እጥፍ ያህል ይሆናል። በእነዚህ ቁጥሮች ብቻ የሚመራ ሰው፣ አውሮፕላኑ በሙሉ በዚህ ቁስ ቢሠራ ክብደቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል ብሎ ሊደመድም ይችላል።

ሥራው ግን ይህን ተስፋ ደረጃ በደረጃ ይቀንሰዋል። በመጀመሪያ፣ ክሩ ጠንካራ የሚሆነው በርዝመቱ ብቻ ነው፤ በጎኑ ሲሳብ የሚይዘው ሙጫው ነውና ደካማ ነው። የአውሮፕላን ክንፍ ደግሞ ይታጠፋል፣ ይጠመዘዛል፣ ይገፋል። ስለዚህ ንጣፎቹ በልዩ ልዩ አቅጣጫ እየተደራረቡ ይሠራሉ፤ በየአቅጣጫው ሲካፈል የጥምሩ ግትርነት ወደ አሉሚኒየም ይጠጋል ወይም ከዚያም ያንሳል። ሁለተኛ፣ ከቴክኒሺያን እጅ አምልጦ የወደቀ መፍቻ አሉሚኒየምን ቢመታው ጎድጎድ ያለ ምልክት ይተዋል። ጥምር ቁስን ሲመታ ግን ላይኛው ገጽ ደኅና መስሎ የውስጠኞቹ ንጣፎች ሊለያዩ ይችላሉ። ዓይን የማያየውን ጉዳት አስቀድሞ ለመቻል ሲባል፣ ክሩ ከመበጠሱ በፊት 1.5 በመቶ ያህል ሊለጠጥ የሚችል ቢሆንም ዲዛይን ሠሪው 0.4 በመቶ በሚያህል ልክ ይገታዋል። ሦስተኛ፣ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ክሮችን ይቆርጣልና ዙሪያው መወፈር አለበት። አራተኛ፣ ካርቦን ከአሉሚኒየም ጋር ሲነካካ እርጥበት ካለ አሉሚኒየሙን ያዝገዋል፤ በመሆኑም ውድ የሆነ የቲታኒየም ብሎንና መለያ ንጣፍ ይገባል። አምስተኛ፣ መብረቅን ተቀብሎ የሚያሳልፍ ቀጭን የብረታ ብረት መረብ በላዩ ይነጠፋል።

ይህ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ ለቁሱ በሚስማማ ክፍል ላይ የሚገኘው ቁጠባ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ነው። ለምሳሌ ባዶ ክብደቱ 10 ቶን የሆነ አውሮፕላን ቢታሰብ፣ ከአካሉ 2,000 ኪሎ የሚመዝኑ የብረታ ብረት ክፍሎች በጥምር ቁስ ቢተኩና ቁጠባው 25 በመቶ ቢሆን፣ የሚገኘው ትርፍ 500 ኪሎ፣ ማለትም ከባዶው ክብደት 5 በመቶ ነው። ሞተሩን፣ ጎማውን፣ ራዳሩንና ሽቦውን አዲሱ ቁስ አይነካቸውም። 500 ኪሎ ትልቅ ትርፍ ነው፤ ነገር ግን ወሰን የሌለው ሀብት አይደለም።

የአሠራሩ ጉዞ

በታሪኩ ውስጥ ጥምር ቁስ የገባው በጅራት በኩል ነው። በታኅሣሥ 1970 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኤፍ-14 የአግድም ጅራቱ ልባስ ከቦሮን ክርና ከኤፖክሲ የተሠራ ነበር። በ1972 የበረረው ኤፍ-15 ይህንኑ ተከተለ። ኤፍ-16 በ1974 ሲመጣ በቦሮን ፈንታ በካርቦን ክር የተሠራ የጅራት ልባስ ይዞ ነበር። በእነዚህ አውሮፕላኖች ላይ የጥምር ቁስ ድርሻ ከአካሉ ክብደት ጥቂት በመቶ ብቻ ነበር።

በ1978 የበረረው ኤፍ/ኤ-18 የክንፉን ልባስ ጭምር በካርቦን ሠርቶ ድርሻውን ወደ 10 በመቶ ገደማ አደረሰው። ቀጥ ብሎ የሚነሣውና የሚያርፈው ኤቪ-8ቢ ሃሪየር፣ ለእርሱ እያንዳንዱ ኪሎ የመነሣትና ያለመነሣት ጉዳይ ስለሆነ፣ ከሁሉ ቀድሞ ወደ 26 በመቶ ገደማ ዘለቀ። በክንፉ ብቻ ከብረታ ብረት ክንፍ ጋር ሲነጻጸር 150 ኪሎ ያህል ተቆጥቧል። በኋላ ግን ለሌሊት ውጊያ የሚረዱ መሣሪያዎችና ራዳር ተጨመሩለት፤ ራዳሩ የተገጠመበትም ዓይነት በ1992 በረረ። አውሮፕላኑ የበለጠ የሚያይና የሚችል ሆነ፤ ያን ያህል ክብደትም ተሸከመ።

ጥምር ቁስ የሚሰጠው ጥቅም ክብደት መቀነስ ብቻ አለመሆኑ እዚህ ላይ መነገር አለበት። በ1984 የበረረው ኤክስ-29 ክንፎቹ ወደፊት ያጋደሉ ነበሩ። እንዲህ ያለ ክንፍ ከብረታ ብረት ቢሠራ ነፋሱ እየጠመዘዘ እንዳይሰብረው እጅግ ወፍራምና ከባድ መሆን ይኖርበት ነበር። የካርቦን ንጣፎቹ አቅጣጫ በጥንቃቄ ስለተመረጠ ክንፉ ሲታጠፍ ራሱን በሚያድን መንገድ እንዲጠመዘዝ ተደርጓል።

በሌላ በኩል፣ ቁሱ በሁሉም ቦታ እንደማይሻል ኤፍ-22 አሳይቷል። ይህ በ1997 የበረረ አውሮፕላን ከአካሉ ክብደት 24 በመቶ ያህሉ ጥምር ቁስ ሲሆን፣ 39 በመቶ ያህሉ ቲታኒየም ነው። የተኩስ ሙከራ በተደረገ ጊዜ ጥይት ነዳጅ በያዘ ክንፍ ውስጥ ሲያልፍ የሚያስነሣው የፈሳሽ ግፊት የካርቦኑን ማገሮች ስለሚጎዳ፣ ከክንፉ ማገሮች አንዳንዶቹ በቲታኒየም ተተክተዋል። እዚያ ቦታ ላይ ክብደት ሆን ተብሎ ተጨመረ፤ ውሳኔውም ትክክል ነበር።

ትርፉ የሚሄድበት መንገድ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ መመለስ ይቻላል። ኤፍ-16 ቀላልና ርካሽ ተዋጊ እንዲሆን ታስቦ የተወለደ አውሮፕላን ነው። ጆን ቦይድና ባልደረቦቹ የታገሉለት ሐሳብ፣ ከባድ ራዳርና ከባድ ሚሳይል የማይሸከም፣ በቅልጥፍናው የሚያሸንፍ አውሮፕላን ነበር። የመጀመሪያው ኤፍ-16ኤ ባዶ ክብደት 7,400 ኪሎ ያህል ነበር። ብሎክ 50 የተባለው የኋላ ዓይነት 8,600 ኪሎ ያህል ሆነ። የ1,200 ኪሎ ጭማሪ ነው። የተሻለ ራዳር፣ ሩቅ የሚተኮስ ሚሳይል፣ የኤሌክትሮኒክስ መከላከያ፣ የተጠናከረ አካልና ጎማ፣ ትልቅ ሞተር ሁሉም በየተራቸው ገቡ።

የሞተሩ ግፊት ከ106 ወደ 131 ኪሎ ኒውተን አድጓል፤ ይህ 24 በመቶ ያህል ነው። ክብደቱ ያደገው 16 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ በግፊት በኩል አውሮፕላኑ አልተጎዳም። የክንፉ ስፋት ግን 27.87 ካሬ ሜትር እንደሆነ ቀረ። ስለዚህ በባዶው ክብደት ብቻ እንኳ በየካሬ ሜትሩ 43 ኪሎ ተጨመረ። ዒላማ ማያ መሣሪያ የያዘ፣ ከውጭ የሚሰቀል አንድ ሣጥን 200 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ ይህ ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው። ሞተር በገንዘብ ይገዛል፤ ክንፍ ግን እንደገና ካልተወለደ አያድግም።

ጃፓኖች ኤፍ-2 የተባለውን አውሮፕላን ከኤፍ-16 ተነሥተው ሲሠሩ ይህን ተረድተው ነበር። የክንፉን ስፋት በ25 በመቶ አሳደጉት፤ ክንፉንም ማገሩና የታችኛው ልባሱ በአንድነት በሚጋገርበት ዘዴ በካርቦን ሠሩት። ጥምር ቁስ ያስገኘውን ትርፍ ለክንፍ ስፋት አዋሉት ማለት ነው። አውሮፕላኑ በ1995 በረረ። በሙከራው ወቅት ግን በክንፉ ላይ ስንጥቅ ታየና ማጠናከር አስፈለገ። አዲስ ቁስ ትርፉን በነጻ አይሰጥም፤ ቀድሞ ትምህርቱን ያስከፍላል።

የአራት አገሮች ሥራ የሆነው ዩሮፋይተር ታይፉን ሌላው ምሳሌ ነው። ከገጹ 70 በመቶ ያህሉ በካርቦን ጥምር የተሸፈነ ሲሆን ብረታ ብረት የሚታይበት ክፍል 15 በመቶ ብቻ ነው። በ1980ዎቹ ሲታቀድ ባዶ ክብደቱ 9.75 ቶን እንዲሆን ተወስኖ ነበር። አልቆ ሲወጣ 11 ቶን ያህል ሆነ። የሕንዱ ቴጃስ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ከአካሉ ክብደት 45 በመቶ ያህሉ ጥምር ቁስ ነው፤ በዚህ ድርሻ ከቀዳሚዎቹ ተዋጊዎች አንዱ ነው። የታቀደለት ባዶ ክብደት 5.5 ቶን ሲሆን፣ የደረሰበት ግን ከ6.5 ቶን በላይ ነው። ከዓለም ቀላል ተዋጊዎች አንዱ እንዲሆን የታሰበው አውሮፕላን፣ እጅግ ቀላል በሆነ ቁስ ተሠርቶም ከዕቅዱ አንድ ቶን ያህል አለፈ።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የሚወጣው መደምደሚያ ቁሱ ዋሸ የሚል አይደለም። ቁሱ ባይኖር ኖሮ አውሮፕላኖቹ ከዚህም በላይ በከበዱ ነበር። የጥምር ቁስ ድርሻ በመቶኛ ሲነገር ግን አውሮፕላኑ ከምን እንደተሠራ እንጂ ምን ያህል እንደሚመዝን አይናገርም። በመግለጫ ወረቀት ላይ የሚኩራሩበት ቁጥርና በሚዛን ላይ የሚገኘው ቁጥር ልዩ ልዩ ናቸው።

ጭማሪውን በግልጽ አምኖ መላ ከመቱት መካከል የስዊድኑ ግሪፐን ይጠቀሳል። የቀድሞው ሲ ዓይነት ባዶ ክብደት 6,800 ኪሎ ያህል ሲሆን፣ በ2017 የበረረው ኢ ዓይነት 8,000 ኪሎ ነው። ሠሪዎቹ አዲሱን መሣሪያ በአሮጌው አካል ላይ አልከመሩም። የማረፊያ ጎማውን ከሆዱ ወደ ክንፉ ሥር አዛውረው ለነዳጅ ቦታ ሠሩ፤ በውስጥ የሚይዘውም ነዳጅ በ40 በመቶ ያህል ጨመረ። ሞተሩ ከ80.5 ወደ 98 ኪሎ ኒውተን አደገ። ክብደቱ አደገ፤ ነገር ግን ማደጉ አስቀድሞ በሒሳብ የታወቀ ነበር።

5 ኪሎ የሚያህለው ቁጠባ

ክብደት ከቁጥጥር ሲወጣ ምን እንደሚደርስ የኤፍ-35ቢ ታሪክ በዝርዝር ያሳያል። ይህ አውሮፕላን እንደ ሃሪየር ቀጥ ብሎ የሚያርፍ በመሆኑ ከልኩ ያለፈ ክብደት ፈጽሞ አይፈቀድለትም። በ2004 የተደረገው ግምት አውሮፕላኑ ከሚችለው ከአንድ ቶን በላይ መክበዱን አሳየ። አንድ ልዩ ቡድን ተቋቁሞ ኪሎ ለቀማ ተጀመረ፤ 1,200 ኪሎ ያህልም ተቀነሰ። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነበር። ዋጋው ግን በሦስት መንገድ ተከፈለ።

አንደኛ፣ የውስጥ የጦር መሣሪያ ክፍሉ ጠበበ፤ 900 ኪሎ የሚመዝነውን ቦምብ መያዙ ቀርቶ በ450 ኪሎው ተወሰነ። ሁለተኛ፣ ክንፉን የሚሸከሙ ዋና ግድግዳዎች ከቲታኒየም ወደ አሉሚኒየም ተለወጡ። በኅዳር 2010 በድካም መፈተሻ ላይ የነበረው አካል 16,000 ሰዓት እንዲፈተን ታቅዶ ሳለ፣ ገና 1,500 ሰዓት ያህል እንደሄደ ከእነዚህ ግድግዳዎች አንዱ ተሰንጥቆ ተገኘ። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። ጥይት ሲመታ የነዳጅንና የማቀዝቀዣን ፈሳሽ ፍሰት የሚዘጉ ቫልቮችና ማቋረጫዎች ከአውሮፕላኑ ወጡ፤ ከእሳት ማጥፊያውም የተወሰነው ተነሣ። በ2013 መጀመሪያ የወጣው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የፈተና ኃላፊ ሪፖርት፣ በቫልቮቹና በማቋረጫዎቹ መነሣት የተቆጠበው 11 ፓውንድ፣ ማለትም 5 ኪሎ ያህል ብቻ እንደሆነና እንዲህ ያሉ መከላከያዎች መነሣታቸው የአውሮፕላኑን ተጋላጭነት በ25 በመቶ እንደጨመረው አስታወቀ።

5 ኪሎ ምን ያህል ነው? ከገበያ የሚገዛ አንድ ከረጢት ዱቄት ነው። በብዙ ሺህ ኪሎዎች መካከል ይህች 5 ኪሎ ለምን ተፈለገች ቢባል፣ ሌሎቹን ኪሎዎች የሚከራከርላቸው ባለቤት ስለነበራቸው ነው። ራዳሩን የሚፈልግ ክፍል አለ። ሚሳይሉን የሚፈልግ ክፍል አለ። የእሳት መከላከያው ቫልቭ ግን እሳት እስኪነሣ ድረስ ጠበቃ የለውም። ጭንቅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወድቀው ጠበቃ የሌለው ነው።

የኪሎው ጠባቂ

አባቶች፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ። ተዋጊ አውሮፕላን ሃምሳውን ሎሚ ብቻውን የሚሸከመው ሰው ነው። ሎሚዎቹን የሚያመጡት ግን ሃምሳ ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱ አንዲት ሎሚ ብቻ ይዞ ስለሚመጣ ሸክም ጨመርሁ ብሎ አያስብም። የሚያመጣውም ቁም ነገር ነው፤ ጠላትን ቀድሞ የሚያይ ራዳር፣ የሚመጣን ሚሳይል የሚያሳስት መሣሪያ፣ ወዳጅን ከጠላት የሚለይ ሬዲዮ ከንቱ ነገር አይደለም። ያለ እነዚህ የተላከ ቀላል አውሮፕላን በቅልጥፍናው ብቻ አይድንም። ስለዚህ ክብደት ሁሉ ክፉ ነው ማለት፣ ቁስ ሁሉን ይፈታል እንደማለት ያለ ስሕተት ነው።

ጉድለቱ ያለው በአወሳሰኑ ላይ ነው። ጥምር ቁስ 500 ኪሎ ቆጠበ ሲባል፣ ያ 500 ኪሎ ወዲያው የሁሉ ይሆናል፤ የሁሉ የሆነ ደግሞ የማንም አይደለም። ዲዛይን ሠሪው ለክንፍ ስፋት ያሰበውን፣ መሣሪያ ገጣሚው ለሣጥኑ፣ የጦር አዛዡ ለተጨማሪ ሚሳይሉ ይቆጥረዋል። አንዱ ኪሎ ሦስት ጊዜ ይወጣል። አውሮፕላኑ ሚዛን ላይ ሲወጣ ብቻ ጉዳዩ ይገለጻል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ክንፉ ተሠርቷል።

ይህ ለኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2012 ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 ከክብደቱ 50 በመቶ ያህሉ ጥምር ቁስ ነው። ተዋጊ ባይሆንም የቁሱ ጠባይ አንድ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2013 ንግሥተ ሳባ የተባለው የአየር መንገዱ 787 በለንደን ሂትሮው ሰው ሳይኖርበት ቆሞ ሳለ እሳት ተነሣበት። የብሪታንያ መርማሪዎች ምንጩን በጣሪያው ሥር ከተገጠመ አንድ አነስተኛ መሣሪያ፣ አውሮፕላን በአደጋ ጊዜ ያለበትን ቦታ ከሚያስታውቀው አስተላላፊ የሊቲየም ባትሪ አገኙት። ባትሪው ካለቀ በኋላም ሙቀቱ ያፈረሰው የጥምር ቁሱ ሙጫ ለእሳቱ ማገዶ ሆኖ፣ እሳቱ በዝግታ እየተስፋፋ ቀጠለ።

በዚህ አጋጣሚ የዚህ ንግግር ሁለት ርእሶች በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኙ። የተጨመረ መሣሪያ ዋጋው በኪሎ ብቻ እንደማይለካ ታየ፤ ጥምር ቁስም በእሳት ፊት እንደ አሉሚኒየም እንደማይሆን ታወቀ። በሌላ በኩል፣ የተጎዳው አካል ተጠግኖ አውሮፕላኑ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ወደ ሥራው ተመልሷል፤ ቁሱ ሊጠገን እንደሚችልም ተረጋግጧል። ቁሱን የሚያውቅ ጠጋኝ ካለ ቁሱ አያስፈራም።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገሮች ለባለሙያው ይቀራሉ። የመጀመሪያው፣ ክብደት እንደ ገንዘብ በመዝገብ ሊያዝ ይገባል። በአዲስ ቁስ የተገኘ ቁጠባ ገና ከመገኘቱ ለምን እንደሚውል ሊወሰንና የሚጠብቀው አንድ ሰው ሊሾምለት ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ አዲስ መሣሪያ ይጨመር የሚል ሰው ከሣጥኑ ሚዛን ጋር የመደገፊያውን፣ የሽቦውን፣ የኤሌክትሪኩንና የማቀዝቀዣውን ሚዛን አንድ ላይ ያቅርብ፤ በምትኩ ምን እንደሚወጣም ይናገር። ሦስተኛው፣ ለሰው ሕይወት ጥበቃ የተገጠመ ነገር ከሌላው ኪሎ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥ። እርሱን ለማውጣት የሚቀርብ ሐሳብ ለብቻው ተጽፎ፣ ለብቻው ተመርምሮ፣ ፈራሚውም በስሙ ይታወቅ።

የቁስ ሳይንስ ወደፊትም ይራመዳል፤ ከዛሬው ካርቦን የቀለለና የጠነከረም ይመጣ ይሆናል። ይሁን እንጂ የቱንም ያህል ቀላል ቁስ ቢመጣ፣ በላዩ ላይ የሚጫነውን የሚወስነው ሰው ነው። መሐንዲስ ቁስን በማወቁ ብቻ ሙያውን አልፈጸመም። ይበቃል ማለት በሚገባው ቦታ ይበቃል ሲል፣ ሊነካ የማይገባውንም አይነካም ሲል፣ ያን ጊዜ የተቆጠበው ኪሎ ለተቆጠበለት ዓላማ ይውላል።